ሦስት ቀዳዳ

ከሰበሰብኳቸው የብረት ቆቦች ሁሉ አብልጬ የምወደው ፈተና የወደቀውን ነው።

በድሮ የእንግሊዝ የጦርነት ፊልሞች ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ጎድጎድ ያለ ሳህን ገልብጣችሁ ራሳችሁ ላይ ብታስቀምጡ የሚመስለው ዓይነት። የእኔው ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው፣ ግንባሩ ላይ በነጭ "ደብልዩ" የሚል ፊደል ተጽፎበታል። ፊደሉ "ዋርደን" ለማለት ነው። ዋርደን ማለት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌሊት ሌሊት በሰፈር እየዞረ መብራት የሚያስጠፋ፣ ሰው ወደ መጠለያ የሚያስገባ፣ ቦምብ የት እንደወደቀ የሚያስታውቅ ሲቪል ሰው ነው። ቀን ሱቅ ይሸጣል፣ ያስተምራል፣ ዳቦ ይጋግራል፤ ማታ ቆቡን አድርጎ ይወጣል።

የዚህን ቆብ ጠርዝ በጣት ስትዳስሱት ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ማንጠልጠያ ይመስለዋል። አይደለም፣ ውጤት ነው። ለጦሩ የሚሄድ ብረት ይተኮስበትና ይፈተን ነበር። የጦሩን ደረጃ ያላሟላው አይጣልም፣ ጠርዙ ይበሳና ለሲቪል መከላከያ ይሰጣል። የቀዳዳው ቁጥር የብረቱን ደረጃ ይናገራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቆቡን የሚያደርገው ሰው እየነካካው "ይኼ ለግንባር አይሆንም፣ ላንተ ግን ይበቃል" የሚል መልእክት ራሱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። እኛ ቤት "ቴስት ያላለፈ ኮድ ፕሮዳክሽን አይገባም" ይባላል። ይባላል እንጂ ስንቱ ገብቷል! ልዩነቱ፣ እኛ ስናስገባው ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አንበሳም። ለዚህ ነው እነዚያን እንግሊዞች ከምታዘባቸው እኩል የማከብራቸው። ቢያንስ ጽፈውታል።

ለንደን ለሥራ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አክስቴ ቤት ነው። መሰብሰብ የጀመርኩት እሁድ እሁድ ሰው አሮጌ ዕቃውን በመኪና ጭኖ አምጥቶ ከሚሸጥበት ሜዳ ላይ ነው። አሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል። ሰብሳቢዎች ሲገናኙ ስለ ፋብሪካ ምልክትና ስለ ቀለም ነው የሚያወሩት። እኔም አወራለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን ውስጤ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይኼ ብረት የታሰበው ለማን ራስ ነው? ከምንስ ሊያድነው? (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።)

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ፈረንሳዊው እግረኛ የጨርቅ ኬፒ፣ እንግሊዛዊው የጨርቅ ኮፍያ፣ ጀርመኑ ደግሞ ጫፉ ሹል የሆነ የቆዳ ቆብ አድርጎ ነው የወጣው። ጦርነቱ ምሽግ ውስጥ ሲገባ ሰውነት ከመሬት በታች ሆነ፣ ከላይ የቀረው ራስ ነው። መድፍ አየር ላይ እየፈነዳ ፍንጣሪውን እንደ በረዶ ያወርደዋል። ፈረንሳዮች ቀደሙ፤ ኦገስት ሉዊ አድሪያን የተባለ መኮንን የነደፈው ቆብ በ1915 ለወታደሩ ታደለ። ቀጭን ነው፣ 0.7 ሚሊ ሜትር ብረት፣ ከበርካታ ቁራጭ የተገጣጠመ፣ አናቱ ላይ እንደ ዶሮ ኩክኒ ያለ ነገር አለው። ያምራል። መሐንዲስ ሆኜ ሳየው ግን ያስጨንቀኛል፣ መገጣጠሚያ የበዛበት ነገር ሁሉ የሚከፈትበት ቦታ አለው።

በዚያው ዓመት ጆን ብሮዲ የሚባል ለንደን የሚኖር የፈጠራ ሰው ሌላ መንገድ መረጠ። አንድ ሉህ ብረት፣ አንድ ጊዜ በፕሬስ ተጨፍልቆ፣ አለቀ። መጀመሪያ ተራ ብረት ነበር፤ የሼፊልዱ ብረት አምራች ሮበርት ሃድፊልድ ማንጋኒዝ የበዛበት ብረት ይሁን ሲል ጥንካሬው ጨመረ። ጠርዙ ሰፊ የሆነው ከላይ የሚወርደውን ከትከሻ ላይ ጭምር እንዲመልስ ነው። ጎንና ማጅራት ግን ባዶ ነው። ጀርመኖች በ1916 ያወጡት ደግሞ ጆሮና ማጅራት ድረስ የሚወርድ ነው፤ ለመሥራት ከባድ፣ ለራስ የተሻለ። ሁለቱም የጠመንጃ ጥይት ፊት ለፊት ከመጣ አያስቆሙም። ፊልም ያበላሸን ነገር ቢኖር ይኼ ነው። ቆብ ለጥይት አይደለም፣ ለሚወድቅና ለሚበተን ነገር ነው።

ስለ ብሮዲ ቆብ የሚያስገርመኝ ቅርጹ ሳይሆን አሰጣጡ ነው። መጀመሪያ ለሁሉም ስላልበቃ የምሽግ ንብረት ተብሎ ተመዘገበ። ተረኛው ሲገባ ያደርገዋል፣ ሲወጣ ለሚተካው አስረክቦ ይሄዳል። ቆቡ የሰውዬው አልነበረም፣ የቦታው ነበር። ለሁሉም የሚሆን የተገኘው በ1916 በጋ ገደማ፣ አንድ ሚሊዮኑ ከተመረተ በኋላ ነው። በዚያ መሀል አንድ ሰው ተቀምጦ ማን ቀድሞ እንደሚያገኝ ወስኗል። የሰነድ ሥራ ነው፣ ሠንጠረዥ ነው፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ዓይነት ነገር ነው።

አሁን ወደ ዙከርማን።

ሶሊ ዙከርማን ደቡብ አፍሪካ የተወለደ የእንስሳት ተመራማሪ ነው። ስሙን ያስጠራው ለንደን የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የነበሩትን ዝንጀሮዎች አጥንቶ ነው። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ የኛዎቹ ናቸው፣ አዋሽ ስትሄዱ መንገድ ዳር የምታዩአቸው፣ ወንዱ ትከሻው ላይ ግራጫ ካባ የለበሰ የሚመስለው። ይኼን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ስቄያለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ ሰውዬው ቦምብ ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ ወደ ማጥናት ዞረ። ሲቪሉ ከቦምብ ጥይት ይልቅ የሚወድቅ ጡብና ጣሪያ እንደሚያሰጋው አይቶ ለዚያ የሚሆን ቆብ ነደፈ። አብሮት የሠራው ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። ኬርንስ "የዓረቢያው ሎሬንስ" የሚባለው መኮንን በ1935 በሞተር ሳይክል ወድቆ ሲሞት ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሞተረኞች ላይ ያደረገው ጥናት በ1941 ታተመና የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። አዲስ አበባ ዴሊቨሪ የሚሠሩ ጓደኞቼ ሄልሜታቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ሲከንፉ ፎቶ ሲልኩልኝ የዚህን ሐኪም ታሪክ እልክላቸዋለሁ። ማንም አያነብልኝም።

የዙከርማን ቆብ አያምርም፤ የተገለበጠ ድስት ነው። ግን አስቡበት፣ አናቱ ከፍ ያለው ለምክንያት ነው። ብረቱ ለስላሳና ርካሽ ስለሆነ ጡብ ሲወድቅበት መሰርጎዱ አይቀርም። ስለዚህ በብረቱና በጭንቅላት መሀል ሰፊ ባዶ ቦታ ተተወ፤ ይሰርጎድ፣ ግን ራስ ላይ አይድረስ። ብረቱን ማጠንከር ካልቻልክ ክፍተቱን አስፋው ነው ነገሩ። የውስጥ ገበሩ ደግሞ በሪቬት አልተመታም። በጠርዙ ዙሪያ በተበሱ ጥንድ ጥንድ ቀዳዳዎች በክር ተጠልፎ ነው የታሰረው፣ እንደ ጫማ። በ5 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ለሕዝብም ይሸጥ ነበር። ከታኅሣሥ 29 ቀን 1940ው የለንደን ቃጠሎ በኋላ የሥራ ቦታዎች ሌሊት እሳት ጠባቂ እንዲያቆሙ በሕግ ሲገደዱ፣ ጣሪያ ላይ አሸዋና ባልዲ ይዞ የሚያድረው ሰው ያደረገው ይኼን ነው።

በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚናቅ ቆብ ነው። ጦርነት አላየም ይላሉ። ለንደን 57 ሌሊት በተከታታይ ስትደበደብ ጣሪያ ላይ ማደር ጦርነት ካልሆነ ምን እንደሆነ እንጃ። ለእኔ ግን መናቁ በጀኝ፣ በአንድ የምሳ ዋጋ ነው የገዛሁት።

የሰብሳቢ ነገር ካነሳን፣ ማታለሉም ብዙ ነው። ነጭ ቀለም ርካሽ ነው፤ ተራ ቆብ ላይ "ደብልዩ" የጻፈ ዋጋውን እጥፍ ያደርጋል። ስለዚህ ቀለሙን ከማየቴ በፊት ዝገቱን አያለሁ። ቀለም ዝገት ላይ ከተቀባ ፊደሉ ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው። ከጠርዙ ሥር የፋብሪካው ምልክትና ዓመቱ ተመትቶ ይገኛል፣ ገበሩ ላይም እንዲሁ፤ ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ከሁለት ቆብ የተሠራ አንድ ቆብ ይዛችኋል። የጀርመን ቆብ ላይ ደግሞ አርማው ነው የሚፈበረከው። እኔ የስዋስቲካ አርማ ያለበትን አልገዛም፣ ክርክርም አልወድበትም። በርሊን ገበያ ሻጮቹ አርማውን በፕላስተር ሸፍነው ነው የሚያስቀምጡት፤ በአደባባይ ማሳየት በሕግ ክልክል ነው። እዚያው ገበያ ያየሁት፣ ዋጋው በዝቶብኝ የተውኩት አንድ ዕቃ ግን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። የጀርመን ወታደር ቆብ፣ በሙሉ ተበሳስቶ፣ እጀታ ተበይዶለት፣ የፓስታ ማጥለያ ሆኗል። ከሽንፈቱ በኋላ ጀርመን ውስጥ ብረት ሲጠፋ ፋብሪካዎች የተረፉትን ቆቦች ወደ ማጥለያና ድስት ይለውጡ ነበር። ምናለሽ ተራ ያደገ ሰው ይኼን ሲያይ ቤቱ የገባ ነው የሚመስለው።

ከዚህ በኋላ ያለው ለኔ ከባዱ ክፍል ነው።

እንግሊዞች ሲቪሉን ከአየር ድብደባ ለመጠበቅ እንዲህ ቀድመው የተዘጋጁት ዝም ብለው አይደለም። በ1938 መስከረም፣ ጦርነት ሳይጀመር፣ ወደ 38 ሚሊዮን የጋዝ ጭምብል ለሕዝቡ አድለዋል። ፍርሃታቸው ከየት መጣ ብላችሁ ስትቆፍሩ ከምክንያቶቹ አንዱ ላይ የኛን አገር ታገኛላችሁ፣ ጣሊያን ከአውሮፕላን የረጨችውን የሰናፍጭ ጋዝ። ታኅሣሥ 6 ቀን 1935 ደሴ ተደበደበች፤ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ላይ ሆነው የተነሱትን ፎቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያንን ፎቶ አሁን ሳየው ንጉሡን አይደለም የማየው፣ ከፎቶው ውጪ ያለውን ከተማ ነው። የደሴ ሰው ሳይረን አልነበረውም፣ ዋርደን አልነበረውም። ሦስት ቀዳዳ የተበሳ ቆብ እንኳ ያዘጋጀለት አልነበረም። ለንደን ከደሴ ተምራ ጭምብል አደለች፤ ደሴ ግን የማስተማሪያው ናሙና ሆና ቀረች።

ይኼ የገባው አንድ ሰው ለንደን ውስጥ ነበር። ዉድፎርድ ግሪን በሚባለው ሰፈር፣ መንገድ ዳር፣ አንድ የድንጋይ ቦምብ ቆሟል። ያቆመችው ሲልቪያ ፓንክረስት ናት፣ ያችው በኋላ አዲስ አበባ ኖራ ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው። ለመታሰቢያነት የተሰጠው ለሞቱት አይደለም፤ በ1932 ከአየር ቦምብ መጣል እንዳይከለከል ለተሟገቱት ፖለቲከኞች ነው፣ ለሽሙጥ። ባቡር ይዤ ሄጄ አየሁት። ትንሽ ነው፣ አፍንጫውን ወደታች ተክሎ የቆመ፣ ከፊቱ መኪና ያልፋል፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ለንደን ላይ ቦምብ ከመዝነቡ ከአራት ዓመት በላይ በፊት ነው የቆመው።

በቅርቡ አንድ ሻጭ የጣሊያን ቆብ ለሽያጭ አወጣ፤ "ከአቢሲኒያ ዘመቻ" ብሎ፣ ዋጋውን ከተለመደው ሦስት እጥፍ አድርጎ። ሞዴሉ በ1930ዎቹ አጋማሽ ጦሩ የተቀበለው ነው፤ ሦስት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፣ ሁለት በጎን፣ አንድ ከኋላ። ይኼኛው ሦስት ቀዳዳ ፈተና መውደቂያ አይደለም እንግዲህ። ግን ወደኛ የመጣው የጣሊያን ወታደር በብዛት ያደረገው ከቡሽ የተሠራ የፀሐይ ቆብ ነው፣ ይኼ የብረት ሞዴል ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ እንኳ ለአሥርት ዓመታት ጣሊያን ጦር ውስጥ ቆይቷል። ሻጩን ማስረጃ ጠየቅኩት፣ "ቤተሰብ ነው የነገረኝ" አለ። የኛ መከራ የዋጋ ማስጨመሪያ ሆኖ ሳየው እንዴት እንደተሰማኝ በአማርኛም አልሆነልኝ። ለአክስቴ ሳሳያት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦

"እሱን ገዝተህ በዚህ በር እንዳትገባ።"

አክስቴ በመሰብሰቤ ደስተኛ ሆና አታውቅም። የሙት ዕቃ ቤት አይገባም ባይ ናት። ያን ዕለት ግን ስልኬን ከእጄ ወስዳ ትንሽ አየችውና ጓዳ ገባች፤ ፖስታ ይዛ ወጣች። ውስጡ አንድ ፎቶ። ታላቅ ወንድሟ ነው፣ የእናቴም ወንድም፣ እኔ የማላውቀው አጎቴ። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴን ሄደ፣ አልተመለሰም። ፎቶው ከመሄዱ በፊት የተነሳው ነው። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ።

"እስቲ ይኼን ንገረኝ" አለች፣ "ስለ ቆብ አውቃለሁ ካልክ።"

አውቃለሁ። አሜሪካ ሠራሽ ኤም ዋን ነው። በ1941 የወጣ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብቻ ከ22 ሚሊዮን በላይ የተመረተ። የኛ ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲገባ ያደረገው እሱኑ ነው። አጎቴ ፎቶ በተነሳበት ዓመት መንግሥት ከአሜሪካ ወደ ሶቭየት እየዞረ ነበር፤ መሣሪያው እየተቀየረ ራሱ ላይ ያለው ብረት ገና የድሮው ወዳጅ ነው። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። አክስቴ ግን ታሪክ አልጠየቀችኝም።

"ጥሩ ነው ወይ?"

"ጥሩ ነው።"

"ጥይት ይመልሳል?"

"የሽጉጥ ሊመልስ ይችላል። የጠመንጃ አይመልስም።"

"የመድፍስ?"

"ፍንጣሪውን፣ እንደ መጠኑ። ለሱ ነው የተሠራው።"

ዝም አለች። ከዚያ "በምን እንደሆነ እኮ አልነገሩንም" አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለፎቶው።

ፎቶውን እንደገና ሳየው ሌላ ነገር አየሁ። ቆቡ ቅንድቡ ላይ ደርሷል፣ ዓይኖቹን ለማሳየት አገጩን ቀና አድርጎ ነው የተነሳው። ኤም ዋን ሁለት ድርብ ነው፣ ከላይ ብረት፣ ከሥር ቀላል ገበር። ብረቱ አንድ ልክ ብቻ ነው ያለው፤ ለትንሽም ለትልቅም ራስ ያው ነው። ልኩ የሚስተካከለው ገበሩ ውስጥ ባለው ቀበቶ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ አንድ ሰው ግን ማሳየት አለበት። ነገርኳት።

"ራሱ ትንሽ ነበረች" አለች። "እማዬ ኮፍያ ስትገዛለት ሁልጊዜ ከልጆች ነበር የምትገዛለት።"

አሁን ኤም ዋን እየፈለግኩ ነው። በዝቶ የተመረተ ስለሆነ ውድ አይደለም፤ አስቸጋሪው ገበሩ ከነቀበቶው ያልተበጠሰ ማግኘቱ ነው። ሁለት አይቼ ትቻለሁ፣ የአንዱ ቀበቶ ተቆርጦ፣ የሌላው በኋላ የተቀየረ ሆኖ። አክስቴ በየእሁዱ ስመለስ "አገኘህ?" ትለኛለች። ካገኘሁ ይግባ ብላለች፤ ሳሎን ግን አይቀመጥም።